ይቅርታና ሹመት፦ የዋሽንግተን ሕዝብ ማሪዮን ባሪን ለምን መለሳቸው?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ከንቲባ ነው። ይበልጥ መናገር የምፈልገው ግን ስለ መረጣቸው ሕዝብ ነው። ማሪዮን ባሪ ዋሽንግተን ዲሲን ለ16 ዓመታት በከንቲባነት መርተዋል። ሥልጣን ላይ እያሉ ሆቴል ክፍል ውስጥ ክራክ ኮኬይን ሲያጨሱ በድብቅ ካሜራ ተቀረጹ፤ ቪዲዮውንም ዓለም ሁሉ አየው። ተከሰሱ፣ ታሰሩ፣ ተፈቱ። ከተፈቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው ሕዝብ እንደገና ከንቲባ አድርጎ መረጣቸው። ከሞቱ በኋላ ደግሞ፣ በ2018፣ በፔንሲልቬንያ ጎዳና ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልት አቆመላቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ይህ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በሳቅ ነው የሚታለፈው። «ሕዝቡን ምን ነካው?» ይባልና ወደ ሌላ ወሬ ይገባል። እኔ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር እንድንጠይቀው ነው የመጣሁት፤ ምክንያቱም ያች ከተማ የባዕድ ከተማ አይደለችም። ከኢትዮጵያ ውጭ እንደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ወገናችን የበዛበት ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ታክሲ ነድተንባታል፣ ምግብ ቤት ከፍተንባታል፣ ልጅ አሳድገንባታል። የባሪ ዘመን የእኛም የስደት ዘመን ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ያ ሕዝብ ሞኝ አልነበረም። ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ ይቅርታንና ሹመትን፣ አንድ ላይ አሳልፎ ሰጠ። ለዚያም ከባድ ዋጋ ከፈለ፤ ይበልጡን የከፈሉትም ሰውዬውን ይበልጥ የወደዱት ናቸው።

ባሪ በ1936 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ በጥጥ አገር፣ ኢታ ቤና በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሰው መሬት የሚያርሱ እኩል አራሽ ነበሩ፤ ልጃቸው ገና አራት ዓመቱ ሳለ ሞቱ። እናታቸው በሰው ቤት ሠርተው ሜምፊስ ውስጥ አሳደጓቸው። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ወጣውና በፊስክ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ያዘ። በ1960 የጥቁር ተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው ይኸው የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። በ1965 ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ ከተማዋ የራሷ የተመረጠ ከንቲባ እንኳ አልነበራትም። የሚያስተዳድሯት ፕሬዚዳንቱ የሚሾማቸው ሰዎች፣ በጀቷን የሚወስነው ደግሞ ኮንግረስ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት ከተማ ስለ ቆሻሻ ማንሻ መኪና የሚወስነው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመርጦ የመጣ ነጭ የኮንግረስ አባል ነበር። ይህን ካልያዝን የኋላው ሁሉ አይገባንም።

የአውቶቡስ ታሪፍ ሊጨመር ሲል በ1966 ሕዝቡ አውቶቡስ እንዳይሳፈር አስተባበሩ። በ1967 ሥራ ያጡ ወጣቶችን ቀጥሮ ጎዳና የሚያስጠርግና አይጥ የሚያስፈጅ ፕራይድ የሚባል ድርጅት ከባልደረቦቻቸው ጋር አቋቋሙ። ኮንግረስ በ1973 ለከተማዋ ራሷን የማስተዳደር መብት ሲሰጥ ባሪ ዝግጁ ሆነው ነው የጠበቁት። በማርች 1977 ታጣቂዎች የከተማውን ምክር ቤት ሕንፃ ጨምሮ ሦስት ቦታዎችን ሲይዙ፣ የምክር ቤት አባል የነበሩት ባሪ ደረታቸው ላይ፣ ከልባቸው አጠገብ፣ በጥይት ተመቱ። አንድ ወጣት የሬዲዮ ጋዜጠኛ በዚያው ሕንፃ ተገደለ፤ እሳቸው ተረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ለከንቲባነት ተወዳደሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1978 ባሪን ለድል ያበቃቸው ከሮክ ክሪክ ፓርክ ምዕራብ የሚኖረው የተማረና የተደላደለ ነጭ መራጭ ጭምር ነው። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም ድጋፉን ሰጥቷቸዋል። ነባሩ የጥቁር መካከለኛ መደብ ግን፣ ቀሳውስቱም መምህራኑም፣ ይህን ዳሺኪ የተባለ የአፍሪካ ልብስ ለባሽ የደቡብ ልጅ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። 16 ዓመት ቆይቶ በ1994 የምርጫው ካርታ ተገለበጠ፤ ያኔ የመረጧቸው ሸሿቸው፣ ያኔ የተጠራጠሯቸው አቀፏቸው። በመካከሉ ምን ሆነ? የዛሬው ንግግሬ መልሱ ላይ ነው የሚያጠነጥነው።

በመካከሉ አንደኛ፣ ሥራ ሆነ። ባሪ ከንቲባ በሆኑ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1979፣ የክረምት ሥራ ለሚፈልግ የከተማዋ ወጣት ሁሉ ሥራ እሰጣለሁ ብለው ፕሮግራም ዘረጉ። ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገና ዛሬ ሃምሳውን ያለፈ ጥቁር አሜሪካዊ ካገኛችሁ «የመጀመሪያ ደመወዝህን ከየት አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዕድሜ ልኩን ባሪን ሲነቅፍ የኖረ ሰው እንኳ ይሁን፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ያ የክረምት ሥራ ነው። በ15 ዓመቱ መናፈሻ ጠርጎ ወይም ቢሮ ውስጥ ወረቀት ደርድሮ፣ ስሙ የተጻፈበት ቼክ ተቀብሎ ለእናቱ የሰጠ ልጅ ያን ቼክ አይረሳም። እናቱማ ጨርሳ አትረሳም። ፕሮግራሙ ዛሬም አለ፤ የሚጠራውም በባሪ ስም ነው። በዚያ ላይ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለጥቁሮች ተከፈቱ፤ የመንግሥት የግንባታና የአገልግሎት ውል ከዚያ በፊት በሩን እንኳ ላላዩት የጥቁር ኩባንያዎች ይደርስ ጀመር። ከዲሲ ወጣ ብላችሁ በፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ የምታዩት የተደላደለ የጥቁር መካከለኛ መደብ ከፊሉ የቆመው በዚያ ዘመን ደመወዝ ነው።

የ14ኛውንና የዩ ስትሪትን መገናኛ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ምሽት ቁጣው የፈነዳው እዚያ ነው። ቃጠሎው ካለፈ በኋላ አካባቢው ለዓመታት ፈርሶ ቀረ፤ ባንክ ብድር አይሰጥበትም፣ ባለሀብት አይደርስበትም ነበር። ባሪ በ1986 ሪቭስ ሴንተር የሚባለውን ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ እዚያው መገናኛው ላይ አስገነቡና የከተማውን ሠራተኞች አስገቡበት። ሠራተኛ ሲገባ ምሳ የሚበላ ሰው መጣ፤ መንገዱ ቀን ቀን ነፍስ ዘራ። በ1991 ደግሞ የባቡሩ ጣቢያ ተከፈተ። ከአዳምስ ሞርጋን ወርደው በ9ኛውና በዩ ስትሪት ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን ይህን ሁሉ ተከትለው ነው የመጡት። ይህን የምናገረው ለባሪ ምስጋና ለመሰብሰብ ብዬ አይደለም። ሰው ውለታ ቆጥሮ ድምፅ ሲሰጥ የሚቆጥረው ነገር ነበረው ለማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ብስባሹ መጣ። የቅርብ አማካሪያቸውና ምክትል ከንቲባ የነበሩት አይቫንሆ ዶናልድሰን በ1985 የከተማዋን ገንዘብ መዝረፋቸውን አምነው እስር ቤት ገቡ። ሌሎችም ሹማምንት ተከተሏቸው። የሠራተኛው ቁጥር እያበጠ አገልግሎቱ እየቀጨጨ ሄደ። በጃንዋሪ 1987 ከባድ በረዶ ከተማዋን ሲዘጋት ከንቲባው የአሜሪካን እግር ኳስ ፍጻሜ ለማየት ካሊፎርኒያ ነበሩ። ስለ ሌሊት አዋዋላቸው፣ ስለ ሴቶችና ስለ ኮኬይን ወሬው ቤት ለቤት ይዞር ነበር። በዚያው ልክ ክራክ ከተማዋን ያዛት፤ በ1985 ወደ 150 የነበረው የግድያ ቁጥር በ1989 ከ430 በላይ ደረሰ። እናቶች በየሳምንቱ የልጅ አስከሬን የሚሸኙባት ከተማ ከንቲባ ራሳቸው ያንኑ መርዝ ያጨሱ ነበር። ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም። ከቅሌታቸው ሁሉ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው፤ ከሴቶቹም ከገንዘቡም በላይ።

ከዚያ ጃንዋሪ 18 ቀን 1990 ሆነ። ኤፍ ቢ አይና የከተማዋ ፖሊስ በጋራ ወጥመድ ዘረጉ። የቀድሞ ወዳጃቸው የነበረች ሴት ቪስታ ሆቴል ክፍል ይዛ ጋበዘቻቸው። ካሜራው ይቀርጻል። ባሪ የሴትዮዋን ገላ እንጂ ክራኩን የፈለጉ አይመስሉም ነበር መጀመሪያ ላይ፤ በኋላ ግን ጋያውን አንሥተው ሳቡ። ወዲያው በሩ ተበርግዶ መርማሪዎች ገቡ። እጃቸው ወደ ኋላ እየታሰረ፣ ሴትዮዋን እየሰደቡ፣ ያጠመደችኝ እሷ ናት የሚለውን ደጋግመው ያጉረመርሙ ነበር። ቪዲዮው በዚያው ዓመት በክረምት ፍርድ ቤት ታየ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ሁሉ አሳየው። ያች ስድብ በካናቴራ ላይ ታትማ መንገድ ዳር ተሸጠች።

የሕዝቡን ስሜት በዚህ ሰሞን ነው በደንብ ማየት ያለብን፤ ምክንያቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንኳ ሁለት ስሜት ይታገል ነበር። አናኮስቲያ በሚባለው የድሃ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት በከንቲባው ታፍራለች፤ ልጆቿ ምን ይማራሉ ብላ ታለቅሳለች። ይህችው እናት መንግሥት አንድን ጥቁር መሪ ለማዋረድ ሆቴል ተከራይቶ፣ ሴት ልኮ፣ ካሜራ ደብቆ ሲያጠምድ ስታይ ደግሞ ደሟ ይፈላል። ኤፍ ቢ አይ ማርቲን ሉተር ኪንግን በየሆቴሉ በድብቅ ማዳመጫ ሲከታተል እንደኖረ ታውቃለች፤ የወሬ ጉዳይ አይደለም፣ በኮንግረስ ምርመራ የተረጋገጠ ነው። በዋሽንግተን ጥቁሮች ዘንድ ለዓመታት የኖረ አንድ እምነትም ነበር። ነጮች ከተማዋን መልሰው ለመያዝ ዕቅድ አላቸው የሚል፤ በአጭሩ «ዕቅዱ» ይሉታል። ይህን የሚያምን ሰው ቪዲዮውን ሲያይ የሚያየው የአንድን ሰው ኃጢአት ብቻ አልነበረም።

ፍርድ ቤቱም ይህንኑ አሳየ። አቃቤ ሕግ 14 ክሶች አቀረበ። የጁሪ አባላት ለቀናት ተከራክረው በአንዱ ቀላል ወንጀል ጥፋተኛ አሏቸው፣ በአንዱ ነጻ አወጧቸው፤ በቀሩት 12 ክሶች ላይ መስማማት አቃታቸው። የሚገርመው ጥፋተኛ የተባሉበት ክስ ዓለም ያየው የቪስታው ሌሊት አለመሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊት በ1989 የተፈጸመ ሌላ አድራጎት ነበር። የመሩት ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በኋላ ሃርቫርድ ላይ ባደረጉት ንግግር በጁሪው መበሳጨታቸውን አልደበቁም። ያም ሆኖ ባሪን ስድስት ወር ፈረዱባቸው። እዚህ ላይ ለሕዝቡ ፍትሐዊ እንሁን። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ባሪ ለምክር ቤት መቀመጫ ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ከንቲባነቱንም ሻሮን ፕራት ዲክሰን የሚባሉ አዲስ ሴት ከተማዋን እጠርጋለሁ ብለው ወስደውታል። ማለትም ሕዝቡ ቀጥቷቸዋል። የመጀመሪያው ፍርዱ «ይብቃህ» ነበር።

ታዲያ እንዴት ተመለሱ? በኤፕሪል 1992 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ካለ የፌዴራል እስር ቤት ሲወጡ ደጋፊዎቻቸው በአውቶቡስ ተጭነው ሊቀበሏቸው ሄዱ። ባሪ ወደ ድሮው ሰፈራቸው አልገቡም፤ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ወዳለው የከተማዋ ድሃ ወረዳ፣ ወደ 8ኛው ወረዳ፣ ገቡ። እዚያ ማንም ፖለቲከኛ ድምፃቸውን ጠይቋቸው የማያውቁ ሰዎችን፣ ከእስር የወጡትን፣ ከሱስ ጋር የሚታገሉትን፣ ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶችን ሄደው አገኙ። ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ እናንተም ትነሣላችሁ አሏቸው። በዚያው ዓመት የወረዳውን የምክር ቤት መቀመጫ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። በ1994 ሥልጣን ላይ የነበሩትን ከንቲባ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ጣሏቸው፤ በኖቬምበር የሪፐብሊካን ተወዳዳሪዋን ካሮል ሽዋርትዝን 56 ለ42 በመቶ አሸነፉ። ከሮክ ክሪክ ምዕራብ ያለው ነጭ መራጭ ማመን አቃተው። ባሪም ለእነዚያ ሰዎች፣ ያለባችሁን ነገር ተወጡት፣ ለከተማዋ የምበጃት እኔ ነኝ ዓይነት መልስ ነው የሰጧቸው።

ይህን ምርጫ ሰበብ ፈልጎ ማቃለል ቀላል ነው። እኔ አራት ነገር አይበታለሁ። የክረምቱ ደመወዝ ትዝታ አለ። የወጥመዱ ቁጣ አለ። በመካከሉ የተመረጠችው ንጹሕ ከንቲባ ያጸዳችው ነገር አለመታየቱ አለ፤ ከተማዋ በእሷም ዘመን ከዕዳ አልወጣችም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አራተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል፦ ንስሐ። በዚያች ከተማ በብዙ ቤት በክራክ የተበላሸ ወንድም ወይም ልጅ ነበረ። ባሪን መምረጥ ለብዙ ሰው «ልጄም ይመለሳል» ብሎ የመመስከር ያህል ነበር። እኔ ይህን ስሜት አከብረዋለሁ። የወደቀን ሰው አንሥቶ ከማቀፍ የሚበልጥ የክርስትናም የእስልምናም ሥራ የለም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቄስ ቢወድቅ ክህነቱ ይፈርሳል። ንስሐ ይገባል፣ ቀኖናውን ይፈጽማል፣ ይፈታል፤ እንደ ማንኛውም ምእመን ይቆርባል፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይከበራል። ወደ መቅደሱ ገብቶ ግን አይቀድስም። ማንም ይህን ጭካኔ ነው አይልም። ሰውየው ተጥሎ አይደለም፤ አገልግሎቱ የእሱ ንብረት ስላልሆነ ነው። የዋሽንግተን ሕዝብ ለባሪ የሰጠው ይቅርታ የሚያስመሰግነው ነበር። ከይቅርታው ጋር ማኅተሙንና የካዝናውን ቁልፍ አብሮ መስጠቱ ግን ስሕተት ነበር፤ ይህን ስል የሕዝቡን ሐዘን ዘንግቼ አይደለም።

ዋጋው ወዲያው መጣ። በ1995 መጀመሪያ ላይ የከተማዋ ጉድለት 722 ሚሊዮን ዶላር መድረሱ ታወቀ። ባሪ ብቻ አይደሉም ያደረሱት። ፌዴራሉ መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር የጡረታ ዕዳ ለከተማዋ ጥሎ ሄዷል፤ የያዘው ሰፊ መሬትና ሕንፃ ግብር አይከፍልም፤ ጠዋት ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እየገባ በዲሲ ሠርቶ ማታ የሚወጣው ሕዝብ ላይ ከተማዋ የገቢ ግብር እንዳትጥል ኮንግረስ ከልክሏል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ባሪም ሲናገሩት አልዋሹም። ሆኖም ኮንግረስ እጁን መልሶ ሲያስገባ ሰበብ የሆነው የእሳቸው ስም ነበር። አምስት አባላት ያሉት የፋይናንስ ቁጥጥር ቦርድ ተሾመ። በጃንዋሪ 1996 ትልቁ በረዶ ሲወርድ መንገድ የሚጠርግ መኪና ጠፋ። በ1997 ኮንግረስ አብዛኞቹን መሥሪያ ቤቶች ከከንቲባው እጅ አውጥቶ ለቦርዱ ሰጠ፤ ለባሪ መናፈሻዎችን፣ ቤተ መጻሕፍትንና ቱሪዝምን የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ቀሩላቸው። ጥቁሩ ሕዝብ ከ1973 ጀምሮ እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቀው የነበረው ራስን የማስተዳደር መብት እንዲህ ተሸራረፈ። በ1994 ድምፁን የሰጠው ደግሞ ያንን መብት ለመጠበቅ ነበር። በዚያው የቦርድ ዘመን፣ በ2001፣ የድሃው ሕዝብ ብቸኛ የመንግሥት ሆስፒታል ዲሲ ጄኔራል ተዘጋ። ምክር ቤቱ ተቃውሞ ነበር፤ ተቃውሞው አልተሰማም።

ይህ የጥቁር አሜሪካውያን የተለየ ጠባይ ነው የሚል ሰው ካለ ወደ ቶሮንቶ ልውሰደው፤ እዚያም ወገን ሞልቷል። ሮብ ፎርድ ነጭ፣ ወግ አጥባቂ፣ ከሀብታም ቤተሰብ የተወለዱ ከንቲባ ነበሩ። በ2013 ክራክ ማጨሳቸውን በካሜራ ፊት አመኑ፤ ምክር ቤቱ አብዛኛውን ሥልጣናቸውን ነጠቀ፤ የከተማ ዳርቻው ደጋፊ ግን አልነቃነቅም አለ። ምክንያቱም የእግረኛ መንገድ የተሰበረበት ሰው ደውሎላቸው ራሳቸው መልሰው ደውለዋል፤ ቤቱ ድረስ ሄደውም አይተዋል። በ2014 ታመው ከከንቲባነት ውድድር ቢወጡም የድሮ ወረዳቸው ሰዎች የምክር ቤት አባል አድርገው መረጧቸው። ስልክ የሚያነሣ ሹም ባጣ ሰፈር ስልክ ያነሣ ሰው ብዙ ኃጢአት ይሸፈንለታል። እንደኛ ባለ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ባለው ሕዝብ ዘንድ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ወደ ባሪ ልመለስ። በ1998 እንደገና አልተወዳደሩም፤ በ2004 ግን 8ኛው ወረዳ እንደገና የምክር ቤት አባል አድርጎ ከ90 በመቶ በሚበልጥ ድምፅ መረጣቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ሕልፈታቸው ተደጋጋሚ ነገር ነበር። በ2005 ግብር ባለመክፈል ጥፋታቸውን አመኑ። በ2010 ለሴት ወዳጃቸው የከተማ ገንዘብ የሚከፈልበት ውል በመስጠታቸው ምክር ቤቱ ወቀሳ ወሰነባቸው። በ2013 ከከተማዋ ጋር ውል ካላቸው ነጋዴዎች 6,800 ዶላር በጥሬ ገንዘብ በመቀበላቸው ሁለተኛ ተወቀሱ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢነታቸውንም አጡ። 6,800 ዶላር! የዜጎች መብት ታጋይ፣ የሚሲሲፒ እኩል አራሽ ልጅ፣ በጥይት ያልተበገሩ ሰው በዚህች ገንዘብ ስማቸውን ሸጡ። በዚሁ ወረዳ ደግሞ ለአሥር ዓመት ገደማ፣ እስከ 2007 መጨረሻ፣ አንድ ትልቅ የምግብ ሱቅ እንኳ አልነበረም። ሽንኩርትና ወተት ለመግዛት አውቶቡስ ተሳፍሮ ከወረዳው መውጣት ነበረበት ሰው። ወረዳው ባሪን ይቅር ያለውን ያህል በሱቁና በሆስፒታሉ ጉዳይ ቢወጥራቸው ኖሮ ምን ያህል ነገር ይለወጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ተጠያቂነቱ ግን ጎደለ።

ባሪ በኖቬምበር 23 ቀን 2014 በ78 ዓመታቸው አረፉ፤ ያረፉትም በዚያው ወንዝ ማዶ በነበረው ብቸኛ ሆስፒታል ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ቀናት ፈጀ፤ ከተማዋ እንደ ርእሰ ብሔር ሸኘቻቸው። «ዕቅዱ» ተብሎ የተፈራው ነገር ደግሞ ማንም ሳያጠምድ መጣ። በ2011 የጥቁሩ ነዋሪ ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። ከተማዋን የወሰዳት የሆቴል ካሜራ ሳይሆን የቤት ኪራይ ነው። ያው ኪራይ የእኛንም ሰው ከአዳምስ ሞርጋንና ከዩ ስትሪት እየነቀለ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወሰደው። ስለ ቪዲዮው አሥር ዓመት ሲከራከር የኖረ ከተማ ስለ ኪራዩ ያን ያህል ተከራክሮ ቢሆን ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ። የቅሌት ትልቁ ጉዳቱ ይህ ይመስለኛል፤ የሚጠላውንም የሚወደውንም ሰው ዓይን አንድ ላይ ይይዘዋል፣ በጀቱ በጓዳ በኩል ያልፋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የዲሲ ምክር ቤት በየዓመቱ በጸደይ ወራት በበጀቱ ላይ ሕዝብ የሚመሰክርበት ስብሰባ ያደርጋል፤ ስሙን ያስመዘገበ ነዋሪ ሁሉ ገብቶ መናገር ይችላል። ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ደግሞ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ይህን መብት ታግሎ ያስገኘልን ሰው አለና አናባክነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የምትኖሩ የየካውንታችሁን የስብሰባ ቀን ጠይቁ። የምትወዱትን ተመራጭ ፎቶ አብራችሁ ለመነሣት የምትሰለፉትን ያህል፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ለመጠየቅም ተሰለፉ። ዘንድሮ ከዚህ አዳራሽ አሥር ሰው እንኳ ስሙን አስመዝግቦ ቢናገር ለእኔ ይበቃኛል።